«ተንፍሺ» የማይለው ሳጥን

ጥቅምት 14

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፣ ለሰፈሩ ሁሉ እታለም፤

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ? የፎቶ ቤቱን ደረጃ ሰው ደግፎሽ ትወጫለሽ ወይስ አሁንም «ማንም አይንካኝ» ነው? ጆሮሽ ስልክ አልቀበል አለኝ ማለትሽን ስሰማ ከፋኝ፤ ግን ደብዳቤ ምን ይለዋል? በስልክ ስታቋርጪኝ ኖረሽ እዚህ ላይ ሳትወጂ በግድሽ እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ። ዕድሜውንም ጤናውንም ያብዛልሽ።

እኔ ደህና ነኝ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ እንደ ድሮው ነው፤ አንሶላ ይመጣል፣ አንሶላ ይሄዳል። ዛሬ የምጽፍልሽ አንድ ጉድ ገጥሞኝ ነው።

እዚህ ብርዱ ሲጠና ሰው ከቤቱ መውጣት ያስጠላዋል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ በዚያን ሰሞን ለሠራተኛው ግብዣ ያደርጋል። የሚደረገውም ውጭ ሳይሆን እዚያው የምንሠራበት ማጠፊያ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛዎቹ ተገፍተው ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን አፌ አላርፍ ብሎ «ፎቶ ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት» ብዬ ነበር። ይኸው ዘንድሮ አለቃችን ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ «እንግዲያው የፎቶው ነገር ያንቺ ነው፤ ሳጥኑን ተከራዪ» አለችኝ።

ሳጥኑ ምን መሰለሽ? ቁም ሣጥን የሚያክል ነገር ነው፣ መጋረጃ አለው። ሰው ገብቶ ይቀመጥና ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ ራሱ ይቆጥራል፣ ራሱ ያበራል፣ ራሱ ያነሳል፤ አራት ጊዜ። ሲጨርስ ከጎኑ ባለ ቀዳዳ አራቱንም ፎቶ ከላይ እስከ ታች የደረደረ ቀጭን ወረቀት ይተፋል። ፎቶ አንሺ የለውም። እታለም፣ ፎቶ አንሺ የለውም ነው የምልሽ!

እስቲ ምከሪኝ፤ ከተቀማጩ ኋላ ምን ልስቀል? በርጩማውስ ምን ያህል ከፍ ይበል? ፎቶሽን ላኪ ያልሽኝን አልረሳሁም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ጉልበትሽን ሳሚልኝ፣ ሁለቱንም።

ቁንጥንጥሽ

—

ኅዳር 3

ለቁንጥንጤ፤

ሰላምታዬ እንደ አንሶላሽ የበዛ ይሁን። እኔ ጉልበቴም አለ፣ ደረጃውም አለ፣ ሰው አልደገፈኝም። ጆሮዬን መልስልኝ ብዬ ፈጣሪን አልለምንም፤ ዓይኔን ይተውልኝ እንጂ ጆሮዬ ቢሰለቸው አልፈርድበትም።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ፎቶ አንሺ የለውም? ምን ማለትሽ ነው? ታዲያ አገጩን የሚያቀናለት ማነው? ኮሌታውስ የተጣመመ እንደሆነ? የሚስቅ ሰው ሲመጣ «አሁን አትሳቁ» የሚለው፣ የሚኮሳተር ሲመጣ የሚያስቀው ማነው? መብራቱስ ከፊት ነው ከጎን? ከፊት ብቻ ከሆነ አፍንጫ ሁሉ ጠፍጣፋ ይወጣል፤ ለባለቤቱ ንገሪው። ዓይን የሚጨፍን ሰው ቢያጋጥመውስ፣ ሳጥኑ ያውቃል? መጋረጃው ምን ቀለም ነው? እነዚህን ሁሉ መልሺልኝ፣ አንዱንም አትዝለይ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። «ትንፋሽ ያዙ» የሚለውስ ይሁን፣ ካነሳ በኋላ «ተንፍሱ» የሚለው ማነው? እኔ «ተንፍሺ» ካላልኩሽ፣ አንቺ እንኳ፣ ቁንጥንጥ የሚል ስም የወጣላት፣ ከዚያች በርጩማ ላይ ንቅንቅ አትይም ነበር። አንድ ቀን ሰው መጥቶ ወሬ ይዞኝ ረስቼሽ ስመለስ ፊትሽ ቲማቲም መስሎ፣ ጉንጭሽ ተነፍቶ አገኘሁሽ። ልትሞቺብኝ ነበር እኮ! «ለምን አልተነፈስሽም?» ስልሽ «መቼ አልሽኝ?» አልሽ።

ምክሩ ይኸውልሽ። ከኋላ ነጭ አትስቀይ፤ አንቺ አንሶላ ሞልቶኛል ብለሽ ነጩን ልትሰቅይ እንደሆነ አውቄያለሁ። ግራጫ ወይም ሰማያዊ ይሁን፣ በደንብ የተተኮሰ። በርጩማው ዓይን ከመስታወቱ እኩል እስኪሆን ከፍ ይበል። እና ከሁሉ ሰው በፊት ራስሽ ተቀምጠሽ ሞክሪው።

ያንንም ፎቶ ለእኔ ላኪው። በደጃፉ የመስታወት ማሳያ፣ ቪትሪኑ መሃል ያለው ፍሬም እስካሁን ባዶ ነው። ጥርስ ሳታወጪ ጀምሮ በየዓመቱ አዲሱን ፎቶሽን የማደርግበት ፍሬም መሆኑን ታውቂያለሽ። አሮጌውን ያወጣሁት አዲሱ መጣ ብዬ ነው፤ አልመጣም። ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ልጅቷስ?» ይለኛል። እኔም «ትመጣለች» እላለሁ። ሌላ ሰው እዚያ ላይ አላደርግም፣ ምን ቆርጦኝ!

በይ እግርሽን ብርድ እንዳይነካው።

አክስትሽ

—

ኅዳር 28

ለእታለም፣ ለጠያቂዋ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዓይንሽን ያቆይልሽ። የዘገየሁት ለጥያቄዎችሽ መልስ ስፈልግ ነው፤ አከራዩ ዘንድ መጋዘኑ ድረስ ሄድኩ። አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ሁሉ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰውዬ ነው። ወረቀትሽን እንደያዝኩ አንድ በአንድ ጠየቅኩት።

መብራቱ ከፊትም ከሁለቱ ጎንም ነው፤ አፍንጫ አይጠፈጥፍም። መጋረጃው ጥቁር ቀይ ነው። ዓይን የጨፈነ ሰው እንደጨፈነ ይወጣል፤ ሳጥኑ ግድ የለውም። አገጭ የሚያቀናም የለም። «ታዲያ ሰው እንዴት ያምርበታል?» ስለው «ማማሩን እንጃ፤ ግን ሲወጡ ሁሉም እየሳቁ ነው የሚወጡት» አለኝ። «ተንፍሱ» የሚለውን ስጠይቀው ግን ግራ ገባው። እስካሁን ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

ሰማያዊ ጨርቅ አግኝቻለሁ። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የተጣለ ሽፋን ነው፤ አጥቤ ተኩሼ ሰቅዬ ሳየው ያምራል። ሳጥኑ በበራችን ይገባ እንደሆነም ለካሁት፤ በስንዝር ያልፋል።

የማይሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀድመሽ ተቀመጪ ያልሽኝን አልችልም። እኔ አስተናጋጅ ነኝ፣ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ አስተናጋጅ ፎቶ አይነሳም። በተረፈ የሌሎቹን ትርፍ ፎቶ ለምኜ እልክልሻለሁ፤ አለቃችን ስትስቅ ብታያት ትወጃታለሽ። ለቪትሪኑ ግን እስቲ ለጊዜው ሌላ ሰው አድርጊበት። ምን አለበት?

ካውያው እየጠራኝ ነው። ደህና ሁኚልኝ።

ቁንጥንጥሽ

—

ታኅሣሥ 12

ለልጄ፤

ደህና ነሽ ወይ? ሰላምታ ካልኩ ይቺው ትበቃለች፤ ዛሬ ወሬ ሞልቶኛል።

ያ ሳጥንሽ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰው ብቻውን ሲሆን ምን ይሆናል እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜ፣ በመጨረሻ ራሴ ልሞክረው አልኩ። የጓዳውን መጋረጃ አውርጄ በካሜራውና እኔ በምቆምበት መሃል ሰቀልኩት። ያቺን ካሜራውን ከሩቅ የምታስነሳ፣ ረጅም ገመድ ያላትን መጫኛ አወጣሁና ተቀማጩ እጅ ላይ እንድትደርስ አደረግኩ። ከዚያ ሰው ጠበቅኩ።

ማን መጣ መሰለሽ? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው! ያ ግንባሩን ቋጥሮ የተወለደ ሰውዬ። ጉርድ ፎቶ አንሺኝ ብሎ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ጉልበቴን አሞኛል፣ ጓዳ ልረፍ። ይቺን ይጫኑና ራስዎ ይነሱ፤ እንደፈለጉ ይጫኑ» አልኩት። ከጓዳ ሆኜ ቀጭ፣ ቀጭ ማለቷን ጆሮዬ ባይሰማም መጫኑ አይጠፋኝም፤ መብራቱ በመጋረጃው ሥር ብልጭ ይላል።

ሲሄድ ሮጬ ፎቶዎቹን አወጣኋቸው። የመጀመሪያው የምናውቀው ፊቱ ነው። ሁለተኛው ላይ ጉንጩን ነፍቷል። ሦስተኛው ላይ፣ በሞቴ፣ ምላሱን አውጥቷል! በሳቅ ልፈርስ ነው። አራተኛውን ግን መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አየሁት። እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ካሜራውን ያያል፣ ብዙ ጊዜ ያላገኘውን ሰው እንደሚያይ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳነሳው ኖሬ፣ ያንን ፊት ለእኔ አሳይቶኝ አያውቅም።

ለካ ሰው ካሜራ አይፈራም፤ የሚፈራው ከካሜራው ኋላ የቆመውን ነው። ይህን ካልኩ በኋላ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

አንድ ጊዜ የስልኬ ካሜራ ተበላሸ አልሽኝ። ስልክ ቀይሪ ስልሽ ቀየርኩ አልሽ፤ ፎቶው ግን አልመጣም። ቀጥሎ ሥራ በዛብኝ፣ ዛሬ ደግሞ አስተናጋጅ ነኝ። ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከፎቶ የሚሸሽ ሰው ሳባብል የኖርኩ ነኝ። ከእኔ ነው የምትደበቂው አይደል? አትጠምዝዢብኝ። ምን ሆነሻል?

እስክትጽፊልኝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

አክስትሽ

—

ታኅሣሥ 27

ለእታለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሌላ ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ።

ከዓመት በላይ ሆነኝ። አንድ ጠዋት ስነሳ አፌን ልጉመጠመጥ ብል ውኃው በግራ በኩል ፈሰሰ። መስታወት ሳይ የፊቴ ግራው ጎን ወርዷል። ዓይኔ አልከደን አለ፣ ከንፈሬ አልሰበሰብ አለ። ሐኪሙ «ነርቭ ነው፣ በጊዜው ይመለሳል» አለኝ። ጠበቅኩ። ዓይኔ አሁን ይከደናል፣ መብላትም አያቅተኝም፤ የቀረው ግን እንደቀረ ነው። ስናገር አፌ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስስቅማ አይነሳ። እዚህ ያሉት ለምደውኛል፣ ወይም ያላዩ መስለው ይኖራሉ።

ላንቺ ያልነገርኩሽ እንዳትደነግጪ ነው እል ነበር። ውሸቴን ነው። ያፈርኩት ካንቺ ነው። ስታሳድጊኝ «አገጭሽን ቀና፣ ትከሻሽን እኩል፣ ፊትሽን እኩል» ስትይ አይደል የኖርሽው? እኩል አልሆን ብሎኝ ነው፣ እታለም። ሞከርኩ እኮ። መስታወት ፊት ቆሜ በጣቴ እየደገፍኩ ሞከርኩ። እዚያ ፍሬም ውስጥ ከዚያ ሁሉ ቆንጆ ፎቶ በኋላ ይህ ፊት ሲቀመጥ፣ ሰውም «ልጅቷን ምን ነካት?» ሲልሽ ማሰብ አልቻልኩም።

ግብዣው ጥር መጨረሻ ነው። ሳጥኑን ተከራይቻለሁ። ለሌሎቹ ይሁን።

ልጅሽ

—

ጥር 9

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እኔን! እኔን ያስቀድመኝ! አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ። ልብስ ሰፊው እንኳ ሰምቶ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ማወቅ የምፈልገው ብዙ ነገር ስላለኝ ነው።

ስትስቂ ወደ ቀኝ የሚሄደው ከንፈርሽ ብቻ ነው ወይስ ጉንጭሽም አብሮ ይሰበሰባል? የቀኝ ጉንጭሽ ላይ የነበረችው ስርጉድ አለች? በፊት ስታፍሪ ወደ ላይ የሚወጣው ቅንድብሽ የቱ ነበር፣ ግራው ነው አይደል? አሁን እሱ አርፎ ቀኙ ብቻ ነው የሚወጣው? ስትቆጪ ምን ትመስያለሽ? ዓይንሽ ማታ ይደርቃል ወይ? ከደረቀ ጠብታ አድርጊ፤ ይቺኛዋ ጥያቄ ሳትሆን ትእዛዝ ነች።

ስለ እኩል ፊት ያልሽኝን ስሚ። እኩል ፊት የሚፈልገው መታወቂያ ነው! ጆሮ ይታይ፣ ፊት ይቅና የሚሉት እነሱ ናቸው እንጂ እኔ ምን ቤት ነኝ? አንቺን «ቀና በዪ» የምልሽ አላርፍ ብለሽ ብዥ እያልሽ ስለምትወጪብኝ ነበር።

የድሮ ፊትሽን አውቀዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። አዲሱን ግን አላየሁትም። የልጄን ፊት የልብስ ማጠቢያው ሠራተኛ ሁሉ ሲያውቀው እኔ አላውቀውም። ይህ ነው ያንገበገበኝ። እንዳዝንልሽ ሳይሆን እንዳይሽ ነው የምፈልገው፣ ገባሽ? ጓጉቻለሁ፣ ሌላ ምን ልበልሽ?

አልልክም ብትዪም አልቆጣሽም። ፍሬሙ አይርበው፣ አይጠማው፤ ይጠብቃል። ሌላ ሰው አድርጊበት ያልሽውን ግን ሁለተኛ እንዳትደግሚው።

ይማርሽ ልጄ፣ ይጠብቅሽ።

እታለምሽ

—

የካቲት 2

ለእታለሜ፤

እንኳን ደህና ቆየሽኝ! ግብዣው አለፈ፣ ስለ ሁሉም ልንገርሽ።

ሳጥኑ በበራችን ገባ፤ በስንዝር ብዬሽ የለ፣ ስንዝሯ ግን የኔ ስንዝር ሆና የአከራዩ እጅ ተላጠ። ሰው ገና አልመጣም፤ ሁሉም ልብስ ሊቀይር ሄዷል። ሰውዬው አበራው፣ አሳየኝ፤ መስታወቱ ጭጋግ ብቻ! የኛ ክፍል ማድረቂያዎቹ ሲሠሩ ውለው እንፋሎት ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ከውጭ ብርድ ገና መግባቱ ነው። ሰውዬው ደንግጦ በእጅጌው ሊወለውል ሲል እጁን አፈፍ አደረግኩት። «አይነካ! ራሱ ይሙቅና ይድረቅ!» ድምፄ ቁርጥ ያንቺ። ያን ይቅርታውን ጀመረ።

ቆይተን ስናየው ጠራ። «እንግዲህ አንድ ሰው ተቀምጦ ይሞከር» አለ። ዞር ብል ማን አለ? እሱ እንዳይቀመጥ ማተሚያውን ከኋላ ያያል። ደብዳቤሽ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ቅንድብሽ የቱ ነው ያልሽኝ ትዝ አለኝና እኔም ራሴ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ፈለግኩ። እውነቴን ነው፣ ያስገባኝ ይኸው ነው። ገባሁና መጋረጃውን ሳብኩት።

ተቀመጥኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ቆጠረ። ያኔ፣ እታለም፣ ሳላስበው ትንፋሼን ያዝኩ። ብልጭ አለ። እኔ ጸጥ። እጠብቃለሁ። ማን ይበለኝ? ሁለተኛው ብልጭ አለ። አሁንም ንቅንቅ አላልኩም። ሦስተኛው። ዓይኔ ሊወጣ ነው፣ ጉንጬ ተነፍቷል፣ ግን ያደግኩበት ነገር ነውና አልተነፍስም! ሰውዬው ውስጡ ጭጭ ማለቱ አሳስቦት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «ይቅርታ፣ እመቤት፣ በሕይወት አሉ?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። አራተኛው የተነሳው ያኔ ነው።

ወረቀቱ ሲወጣ ልቀደው ነበር። ከዚያ አየሁት። ሳቄ ሁሉ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ግራው ቆሞ ይመለከታል። ደግሞ ስርጉዷ አለች! የሚወጣው ቅንድብ ቀኙ ነው። አፈርኩ፣ አለቀስኩ፣ መልሼ ሳቅኩ፤ ሁሉንም እዚያው ሳጥን ውስጥ። ከዚያ ሰው መጣና በርጩማውን ለቀቅኩላቸው። አለቃችን አምስት ሰው ይዛ ልትገባ ብላ መጋረጃው ወለቀ። ያጣበቅነው በልብስ መቆንጠጫ ነው።

አራቱንም ልኬልሻለሁ። እንደወጡ ናቸው። ቪትሪኑ ላይ ማድረግ አለማድረግ ያንቺ ነው፤ ብታደርጊው ግን ደስ ይለኛል። ሳጥኑ መልካም ሳጥን ነው፣ ምንም አይወጣለትም፤ እስከ መጨረሻው ግን ያንን ቃል አላለኝም።

ቁንጥንጥሽ

—

የካቲት 19

ለቁንጥንጤ፤

ፖስታውን የከፈትኩት ቆሜ ነው፤ መቀመጥ ትዝ አላለኝም። መስኮቱ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ከላይ ወደ ታች አየሁት፣ ከታች ወደ ላይ አየሁት፣ በማጉያ መነጽር አየሁት። ስርጉዷን አገኘኋት። ስትስቂ ጉንጭሽም አብሮ ይሰበሰባል፤ ከንፈር ብቻ አይደለም፤ መልሱን አገኘሁ። ግራ ዓይንሽ ደግሞ ነገር የገባው ሽማግሌ ይመስላል፣ በጣም ወደድኩት። መብራቱም አይከፋም፤ ለአከራዩ እንዲህ ብላለች በይው። የሰማያዊው ጨርቅ ጥግ ግን ተሸብሽቧል። ከላይ ሲተኮስ ዘለልሽው አይደል?

ፍሬሙ ሰፊ፣ ያንቺ ወረቀት ቀጭን ሆነና አልገጥም አለ። ልብስ ሰፊው ጥቁር ከፋይ አምጥቶ፣ መሃሉን በልኩ ቀዶ፣ ጠርዙን በእጁ ሰፋልኝ። ሲጨርስ አራተኛዋን ለረጅም ጊዜ አያትና «ይቺ ላይ ራሷን አገኘች» አለ። ግንባሩን እንደቋጠረ ነው ታዲያ።

አሁን ቪትሪኑ መሃል ነሽ። ትናንት አንዲት ደንበኛ ቆማ አየችና «ውይ፣ ልጅቷ ፊቷን ምን ሆነች?» አለችኝ። ያንን የፈራሽውን ጥያቄ ማለት ነው። እኔም «ሳቀች» አልኳት። ጠጋ ብላ ድጋሚ አየች፤ ሳታስበው እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ገብታ «እኔንም እንዲህ አንሺኝ» አለች።

አንድ ነገር ግን ቀርቶብሻል። ከላይ ያሉትን ሦስቱን ሳይ ጉንጭሽ እንደተነፋ ነው። አራተኛዋ ላይ ሳቅሽ እንጂ ማንም አላለሽም፤ አንቺም ካልተባልሽ የማታምኚ ነሽ። ስለዚህ ይህን ስታነቢ የትም ሁኚ፣ ካውያሽን አስቀምጪና ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። አገጭሽ እንደፈለገ ይሁን።

አየሁሽ፣ ልጄ። አምሮብሻል።

ተንፍሺ።

እታለም